ወንድሜ ለአየርላንዳዊው የነገረው

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ ከኮሌጅ ደውሎ፣ «ማሚ፣ አንድ ፔፐር እየጻፍኩ ነው» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በሰሜን አየርላንድ ስለነበረ አንድ አነስተኛ የሶሻሊስት ታጣቂ ቡድን ነው አለ። «መቼም ሰምተሽ አታውቂም» አለኝ። እኔ ግን የዚያን ቡድን ታሪክ እሱ ሳይወለድ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰምቼዋለሁ። ይነገር የነበረው ግን ለኔ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ታደሰ ጋር ነበር። እሱ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ፣ እኔ የአንድ ትንሽ ሱቅ ካሸር። አገር ቤት ሦስት ነበርን። መካከለኛው ወንድማችን አበበ ከጋሼ ጋር በአንድ የኅቡዕ ድርጅት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተገደለ፤ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። የመንግሥት ሥራ ነው ብለን አለቀስን። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ እንዴት እንደሞተ ጋሼን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። «ተይው እስቲ» ይልና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል።

በዚህ መሃል ኮናል መጣ። ሆቴሉን ቀለም የሚቀባ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ፊቱ ፀሐይ የማይችል አየርላንዳዊ ነበር። እሁድ እሁድ በሜትሮ ባቡር እየመጣ በረንዳችን ላይ ከጋሼ ጋር ይቀመጣል። ሰመር ነው፤ ወበቁ ልብስ ገላ ላይ ያጣብቃል፤ ከዛፎቹ የነፍሳቱ ጩኸት አያባራም። ኮናል ሽሮዬን በላብ ተጠምቆ ይበላና «ትንሽ ጨምሪልኝ» ይላል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ወድጄው ነበር።

ወጣት ሳለ ስለገባበት ቡድን ያወራል። ይታገሉበት የነበረው ትልቁ ድርጅት ተኩስ ሲያቆም ተገንጥለው ወጡ። እንግሊዝን ማስወጣት ብቻ አይበቃም፣ ሥልጣን የሠራተኛው መሆን አለበት አሉ። ብዙም ሳይቆይ ከቀድሞ ጓዶቻቸው ጋር ተታኮሱ፤ መሪያቸውም ተገደለ። እስር ቤት ምግብ አንበላም ብለው የሞቱም ነበሩ። ምንም የማያውቁ ሰዎችን ያጠፋው ፈንጂያቸው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። በኋላም እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉና ተገዳደሉ።

አንድ እሁድ ጋሼ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ወንድሜን የገደሉት የራሳችን ሰዎች ናቸው» ሲል ሰማሁ። ሽንኩርቱን ትቼ ሻይ ቀዳሁ። ይዤ ስወጣ ወሬያቸውን አቋረጡ። ጋሼ፣ «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አለኝ።

በፍቅር የሚቀና ሰው አይቻለሁ፤ እኔ የቀናሁት ግን በሐዘን ነው። አበበ የኔም ወንድም ነው። ስንት ዓመት ለምኜ ያጣሁትን ነገር ለአንድ ቀለም ቀቢ አወራው! ጋሼ እሁድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ሳይ እንኳ ደሜ ይፈላ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ኮናል ደወለ። ጋሼ ሥራ ላይ ነበር።

«ከእንግዲህ አትምጣ ብሏል» አልኩት። «ካንተ ጋር ሲያወራ ይውላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ያጣል። ራሱ ሊነግርህ አፍሮ ነው።»

«ገባኝ» አለ። «አልቀየምም በይልኝ።»

አላልኩለትም። ጋሼ ሦስት እሁድ ተላጭቶ በረንዳው ላይ ጠበቀው። የሆቴሉ ቀለም ሥራ አልቆ ስለነበር በሥራም አይገናኙም። በአራተኛው እሁድ ሳይላጭ ዋለ፤ ስለ ኮናልም አንድ ቃል አልተነፈሰም። አሁንስ ለኔ ያወራል ብዬ አበበን ሳነሳበት፣ ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባ።

ብርዱ ሲገባ መደበቁን አልቻልኩም። ጋሼ ወደ አሌክሳንድሪያ ይዞኝ እየነዳ ሳለ ድልድዩ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ መንዳቱን ቀጠለ። መኪናውን ካቆመ በኋላ፣

«ያንቺ ዓይን የአበበ ዓይን ነው» አለኝ። «እሱን እያየሁ ያንን መናገር አልችልም። ኮናልን ግን ማየት እችል ነበር።»

ያን ዕለት ማታ አብረን ደወልን። ስልኩ ተቋርጧል። ቦስተን ሄዷል ያሉ ነበሩ፣ አገሩ ተመልሷል ያሉም ነበሩ። አላገኘነውም።

ጋሼ አልተቀየመኝም። ዳረኝ፣ ልጆቼን አቀፈልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እስኪያርፍ ድረስ ግን ስለ አበበ ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ካለኝ በላይ አልነገረኝም። የት እንደገደሉት፣ ምን ብለው፣ ጋሼስ ያኔ የት እንደነበረ አላውቅም።

ለልጄ ስለ ቡድኑ የማስታውሰውን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ኮናል በሕይወት ካለ ሰማንያ እየተጠጋ ነው። ወንድሜ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህ ዓለም የለኝም፤ ከደጄ የመለስኩትም እኔው ነኝ። ባገኘው ይቅርታ ልለምነው ይገባል። ዕድሜዬ ስድሳ ሊሞላ ነው፣ አሁንም ግን የማስበው ይቅርታውን አይደለም። የማስበው የኔን ወንድም ይዞብኝ መሄዱን ነው።