ሲምረት በሩን የቆለፈችበት ከሰዓት

ሲምረት አዲስ አበባ የገባችው በሐምሌ መጀመሪያ፣ በሁለት ስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ካርቱም ነው። እዚያ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት ሰው ከፀሐይ የሚሸሽባቸው ወራት ናቸው። ጦርነቱ ከቤታቸው ሲያስወጣቸው አባቷ በመተማ በኩል ወደ እናቷ እህት ወደ ጽገረዳ ላካት። ስለ ብርድ ያነሳላት ሰው አልነበረም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ጽገረዳ የምትኖረው ቂርቆስ፣ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ሲወረድ፣ ከመንገዱ አምስት ደረጃ ዝቅ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። የተከራየችው ቤት አንድ ክፍል ነው። ሲምረት እዚያ ብዙ ነገር ገረማት። ፀሐይ ለቀናት አትወጣም። የታጠበ ልብስ በሦስተኛው ቀንም እርጥብ ነው። የአልጋው አራት እግሮች ብሎኬት ላይ ቆመዋል፤ የዱቄቱ ጆንያ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ እንግዳ ሆኖ ስለ ሰው ዕቃ መጠየቅ ነውር መሰላት። ከሁሉ የከበዳት ግን የቆርቆሮው ድምፅ ነበር። ዝናብ ሲጀምር ከመስኮቱ ርቃ ግድግዳ ተጠግታ ትቀመጣለች።

በሁለተኛው ሳምንት ጽገረዳ የአምስት ዓመት ልጇን ሉሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሲምረት ትታ ካዛንቺስ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ሄደች። እስከዚያ ቀን ሉሊ የምትውለው ከመንገዱ ዳር ካለችው ጎረቤት፣ ከዙለይካ ዘንድ ነበር።

«በቃ፣ ቤተሰብ እያለ ሰው ለምን አስቸግራለሁ» አለች ጃንጥላዋን እየፈለገች። «ምሳ እምቢ ካለች አትለማመጫት። ሲርባት ራሷ ትመጣለች።»

«እሺ ሓትኖይ» አለች ሲምረት። በትግርኛ አክስቴ ማለቷ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ መብራት ጠፋ። ከነጎድጓዱ በኋላ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ወረደ። ሲምረት በረዶ ከሰማይ ሲወርድ ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው ተኩስ ነው። ስለዚህ ካርቱም የተማረችውን አደረገች። በሩን ቆለፈች፣ መቀርቀሪያውን አስገባች፣ መጋረጃውን ጋረደች፣ ሉሊን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። አልጋው ብሎኬት ላይ ስለቆመ ቦታው ለሁለት ይበቃ ነበር።

«ድብብቆሽ ነው?» አለች ሉሊ።

«ዝም በይ።»

«ማን ነው የሚፈልገን?»

ሲምረት የልጅቷን አፍ በመዳፏ ያዘችው።

ወዲያው በሩ ተደበደበ። የወንድ ድምፅ ነው። የሚለውን ሁሉ በረዶው ዋጠው፤ የተሰማት «ክፈቺ!» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ በሩ በእግር ተመታ። ካርቱም እንዲህ በር የመቱ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን ልጅ ይዘው ሄደዋል። አልጋ ሥር የተደበቁት ግን ተርፈዋል። ትንፋሿን ያዘች።

ክርኗ ቀዘቀዘ፤ ቀሚሷ ራሰ።

«ሸናሽ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ፣ መዳፏን ትንሽ አንስታ።

«እኔ? እኔ አልሸናም!» ሉሊ ተቆጣች። «ትልቅ ልጅ ነኝ!»

ውሃው ይንቀሳቀስ ነበር። የሽንኩርት ልጣጭ እያንሳፈፈ በፊታቸው አለፈ። ሉሊ አንገቷን ቀና ብታደርግ የአልጋው ጣውላ ግንባሯን መታት፤ ዝቅ ስትል አገጯ ውሃ ነካ።

«ጋሽ ሱሩር ነው እኮ» አለች እያለቀሰች። «ጎማ የሚሠራው። የዙለይካ ባል። ድምፁን አታውቂውም?»

አታውቀውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላነጋገረችውም። የአምስት ዓመት ልጅ ትሳሳት ይሆናል፤ ውሃው ግን አይጠብቅም። ልጅቷን ጎትታ አወጣቻት፣ አልጋው ላይ አስቀምጣ ብርድ ልብስ ደረበችባት። ከገቡም እኔን ብቻ ያግኙ ብላ ነው። ከዚያ መቀርቀሪያውን ሳበች።

ውሃው በሩን ገፍቶ ገባና እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ደጃፉ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት የያዘ ሰው ቆሟል። ሲምረት ጮኸች።

«ልጅቷስ?» አለ ሱሩር። «አንቺ፣ ልጅቷ የታለች?»

ሲምረት አልጋውን ከልላ ቆመች።

«እዚህ ነኝ!» አለች ሉሊ ከብርድ ልብሱ ሥር።

ዙለይካ ቤት ደረቅ ልብስና ዳቦ ተሰጣቸው።

«የኔ ልጅ፣ በክረምት በቀን በር ይቆለፋል እንዴ?» አለች ዙለይካ። «እዚህ ሰፈር መስከረም እስኪጠባ የሚቆልፍ የለም። የመንገዱ ቱቦ ሞልቶ ጎርፍ ሲገባ ማን ገብቶ ያውጣን?»

«ሌባም ቢሆን ዋና ካልቻለ አይመጣም» አለ ሱሩር፣ ሱሪውን እየጨመቀ።

ሉሊ ሳቀች። ሲምረት መሳቅ አልቻለችም።

ጽገረዳ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየሮጠች መጣች። ሱሩር «በሰላም ወጥተዋል» ብቻ ነው ያላት። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

«አፏን ይዣት ነበር» አለች ሲምረት። «ውሃው ሲገባ አልጋ ሥር አፏን ይዣት ነበር። ሲያንኳኩም አልከፈትኩም።»

ጽገረዳ ልጇን አየች፤ ከዚያ ሲምረትን። ጫማዋን አወለቀችና ውሃውን ደፋች።

«ስለ ጎርፉ አልነገርኩሽም» አለች በመጨረሻ። ድምጿ የቁጣ አልነበረም፤ የይቅርታም አልነበረም። «ነገ ሉሊ ዙለይካ ጋ ትውላለች።»

«እሺ።»

«አንቺም አብረሽ።»

ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሉሊ ዳቦዋን እንደያዘች መጥታ ሲምረት ጭን ላይ ተቀመጠች። ሲምረት እጇን ልጅቷ ላይ ለማሳረፍ ፈራች።