ሰማዩ የእኛ ባልነበረበት ቀን

«ጠመንጃውን ይዘሽ አትጠጊን! አንቺን ያየ ድሮን እኛንም አይምርም» አሉኝ አባ ታከለ፣ ፊት ለፊት። በሱዳን፣ በቁረይሻ፣ የሰሊጥ አጫጆች አለቃ ናቸው። እኔ የተላክሁት ውኃ ልለምን ነበር።

ዘጠኝ ነበርን። ከድንበሩ ማዶ፣ በአገራችን በኩል፣ አንድ ጉብታ ሦስት ቀን ይዘናል። እግረኛ መጥቶ አላስለቀቀንም፤ ያስለቀቀን ከላይ የሚያንዣብበው ነው። ታናናሾቼ ጦርነት ሲባል ተኩስ ብቻ ይመስላቸዋል። መቼ እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንሸና ጭምር የሚወስንልን ሰማዩን የያዘው ወገን ነበር። ጥይታችን አይደርስበትም። በአራተኛው ቀን ሲነጋጋ «አፈግፍጉ» ተባልን።

ድንበሩን ተሻግረን ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሰሊጡ እርሻ መሀል ደረስን። መሪያችን ብቸኛውን ትልቅ ዛፍ አየና «ጥላ ስር ግቡ» አለ። ደገኞች ነን፤ ዛፍ ይሰውረናል ብለን ገባን።

እንግዲህ ጠመንጃዬን ሰሊጡ ውስጥ ጥዬ ወደ አባ ታከለ ቀረብሁ። አጫጆቹ በዚያ ሐሩር ተበታትነው ፀሐይ ላይ ቁርስ ይበላሉ።

«ዛፉ እያለላችሁ?» አልኋቸው።

«ዛፉማ የድሮኑ ነው። አምና ጥላ ስር የተሰበሰቡትን ፈጀብን። ጓደኞችሽ የት አሉ?»

ዞር አልሁ። የድሮኑ ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ ይሰማል። ልሮጥ ስል በቀበቶዬ ያዙኝ። ነጠላቸውን ጣሉብኝ፣ ማጭድ አስጨበጡኝ።

«እጨጂ!»

«ይልቀቁኝ፣ ጓዶቼ ናቸው!»

«ጩኺ። ግን እያጨድሽ።»

ጮህሁ። መሪያችን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። ከጓዶቼ መሀል የገባት ዝናሽ ብቻ ናት። ከጥላው ወጥታ መሮጥ ስትጀምር ዛፉ በእሳት ተበላ።

ድሮኑ እስኪሄድ አጨድን። ከመሀላቸው ማንም «ውጪልን» አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ አጫጆቹ ሥራቸውን ትተው መቃብር ቆፈሩ። የመንደሩ ባለሱቅ አቡጀዲ ላከ፤ ሙስሊም ነው፣ የማናችንንም ስም አያውቅም። ሰባት ቀበርን። ሁለት ተረፍን።

ስለ ጀግንነት ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው። የማያውቁኝ ሰዎች ነፍሳቸውን አስይዘው መሀላቸው አቆሙኝ። ያን ቀን አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አልመጣልኝም፤ ዛሬ ጽፌዋለሁ።

አባ ታከለ የዝናሽን ቁስል አስረው፣ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ ላይ በትከሻቸው አወጧት።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ያላ፣ ቶሎ በይ!» አሉኝ።

ተሳፈርሁ።