ግብር ገማቹ ቤታችን የመጣ ዕለት

ለሸንጎ ተወካይነት የቀረቡት ሦስት ዕጩዎች በቀበሌው አዳራሽ ሲናገሩ፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ክርክር ነው ተብለን ነው የሄድነው። የምን ክርክር! አንዱ የኢኮኖሚ ዕቅዱ ድንቅ ነው ሲል ሌላው እጅግ ድንቅ ነው ይላል፤ አንዱ ነጋዴ ግብሩን በደስታ ይክፈል ሲል ሌላው ተነሥቶ ያጨበጭባል። እኛም እናጨበጭባለን። እጄ ያጨብጭብ እንጂ አንጀቴ እርር ድብን ብሎ ነበር።

ባሕር ዳር ገበያው ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረችን፤ ከባለቤቴ አባት የወረስናት፣ ልጆቻችንን ያሳደግንባት። ድሮ ከጣና ማዶ የቁንዝላና የደልጊ ገበሬ በጀልባ መጥቶ አቡጀዲ በጣቃ ይገዛን ነበር። ኋላ ግን እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ አስረክቦ ስለሚመጣ፣ ጨርቁን ዳሰስ ያደርግና “ይቆይልኝ” ብሎ ይሄዳል። ጨርቁም ቢሆን ወደ ቀበሌው የኅብረት ሱቅ እንጂ ወደ እኛ መምጣቱን ተወ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ግብራችን ግን ሱቋ ሙሉ በነበረች ጊዜ የተገመተው ነው። ያለፈውን ዓመት ግብር አምባሬንና ድሪዬን ሸጬ ከፈልን። የሚቀጥለውን ካልቀነሱልን ሱቋ መታሸጓ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምንበላ አላውቅም ነበር።

እዚያ አዳራሽ ጥያቄ ያለው ሲባል ባለቤቴ እጁን አወጣ። ኮቱን ይዤ ወደ ታች ጎተትሁት፤ አልሰማኝም።

“ጓዶች፣ ግብር አልከፍልም አላልሁም። የሌለኝን ገመታችሁብኝ እንጂ። ወላሂ፣ ቤቴን መጥታችሁ እዩልኝ።”

ሦስተኛው ዕጩ ራሱ የግብር ገማች ኮሚቴው አባል ነበር። “ተገቢ ጥያቄ ነው። እሑድ እኔው መጥቼ አያለሁ” አለ። ያን ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እሑድ ጠዋት ጎረቤታችን የቄሱ ባለቤት ምንጣፍ ተሸክመው ከች አሉ።

“ምነው እትዬ?”

“አንቺ፣ ትልቅ ሰው በባዶ መደብ ልታስቀምጪ ነው? ከእኔ ቤት ምንጣፍ እያለ?”

“የሚመጣው እኮ ችግራችንን ሊያይ ነው።”

“ይየው! ደኅና ቦታ ቁጭ ብሎ ይየው። እንግዳ ባዶ ቤት ገብቶ ወጣ ሲባል እኔ የት እገባለሁ?”

ከዚያ ማን ያቁማቸው! ከአንዱ ቤት ራዲዮ፣ ከሌላው ባለ አበባ ብርጭቆና ጥልፍ መጋረጃ መጣ። እኛ እስላም እነሱ ክርስቲያን ሆነን ሥጋችን ስለማይገናኝ፣ እትዬ ከደሴቱ ገዳም የመጣ ማርና ትኩስ ዳቦ ጨመሩ። ባለቤቴ አየኝ፤ አየሁት። መልሱት ብንላቸው በቁማቸው ማዋረድ ነው። አልቻልንም።

ገማቹ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ማሩን በዳቦ እያጠቀሰ በላ። ዓይኑ ከራዲዮው ወደ መጋረጃው ይዞር ነበር።

“ጓድ፣ ይህ ሁሉ ዕቃ የጎረቤት ነው” አለ ባለቤቴ።

እትዬ ማንቆርቆሪያውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ “ኧረ ምን የእኛ የእነሱ አለው! ይብሉ እንጂ” አሉ።

እንግዳው ሳቀ። “ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።” ሱቋንም እንዲያይ ብንለምነው፣ የማየውን አየሁ ብሎ አመስግኖን ሄደ።

አዲሱ ግምት የቀድሞው እጥፍ ሆኖ መጣ። አብጄ ወደ እትዬ ቤት ልሮጥ ስነሣ ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ።

“እንዳትነግሪያቸው። ያወቁ ዕለት ይሞታሉ።”

ሱቋ በታሸገች ቀን እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ እንደያዙ፣ “ያን ያህል አክብረነው! ምን ጎደለበት ይሆን?” አሉኝ። “በግ አሳርደን ብንጨምርበት ኖሮ ይራራላችሁ ነበር መሰለኝ።”

“እንጃ እትዬ” አልኋቸው።