ቁርስ የበላችው ልጅ

ኦቦ ቀጄላ ማንበብ የተማሩት ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚያጠኑት ልብ ከሚያንጠለጥሉ አጫጭር ታሪኮች ነው። ዛሬ ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጎርፍ ስለወሰዳት ልጅ እያነበቡ ለተሳፋሪው ይተረጉሙ ነበር። «ሰርቫይቭድ» የሚል የማያውቁት ቃል ላይ ሲደርሱ ትርጉሙ ተቋረጠ።

«አባባ፣ ሞተች እንዴ?» አለች ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት።

ረዳቱ ሳቀ። «ሳይችሉ ነው እንዴ የጀመሩልን!»

ኦቦ ቀጄላ ፊታቸው ጋለ። ቀጣዩን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ልጅቷ በማግስቱ ከእናቷ ጋር ቁርስ በላች ይላል።

«የሞተ ሰው ቁርስ አይበላም!» አሉ ቀና ብለው። «ተርፋለች!»

«ተመስገን!» አለ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ረዳቱም ጭምር።

«ገለቶማ፣ አባባ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነች ሴትየዋ እፎይ ብላ። «ወራጅ! መውረጃዬን ዓለም ገናን አልፌዋለሁ እኮ!»