ጫማ የሚገለብጡት ሽማግሌ

ላምባ ከጠፋ ወዲህ የልደታን ሰፈር ኩራዝ የሚያበሩልን አንድ ሽማግሌ ናቸው። የተሰበረ ጀሪካንና ያረጀ የላስቲክ ጫማ በተከደነ በርሜል ያፈላሉ። እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ሲቀዘቅዝ፣ እንደ ላምባ የሚነድ ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል።

ጀሪካኑን ሳያዩ ነው የሚወረውሩት። ቆራሌው ያመጣላቸውን ጫማ ግን አንድ በአንድ እየገለበጡ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ምን ፈልገው ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታጣቂዎች ልጄን ሲወስዷት ካደረገችው የላስቲክ ጫማ የቀኙን ሶል ብቻ በጋለ ቢላ የጠገንኩላት እኔ ነኝ። የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ።»

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዱን ጫማ ገልብጠው ሶሉ ላይ ያለውን የጋለ ቢላ ጠባሳ ደጋግመው ዳሰሱ። ጆንያውን ዘርግፈው ያልተጠገነውን ግራውን ፈለጉ፤ አጡት። እሳቱን በውሃ አጠፉና በእጄ የያዝኩትን፣ እሳቸው ቢጫውን ፈሳሽ የሞሉልኝን ጠርሙስ አተኩረው አዩት።