ከተማዬን የደበቅኩባት ገጣሚ

ቅናት አለብኝ፤ ምን ልሸሽገው። ይቺ ጓደኛዬ ከአገር አገር ለግጥም ንባብ ስትጠራ በስልኬ አያታለሁ። ዛሬ ባሕር ዳርቻ ናት፣ ነገ በረዶ ላይ፣ ከነገ ወዲያ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ደጃፍ። በሄደችበት ሁሉ ደግሞ ትጽፋለች፤ ሁለት ቀን ያደረችበት ከተማ ግጥም ሆኖ ይወጣል። ሰው ሲያጨበጭብላት ሳይ እርር ድብን እላለሁ። ኮሌጅ እያለን እኮ ግጥሟን የማቃናላት እኔ ነበርኩ! ቤት መምታት አቅቷት፣ "እስቲ ይቺን ስንኝ እዪያት" እያለች ከኋላዬ የማትጠፋ ልጅ ነበረች።

እኔ ባሕር ማዶ፣ ኮለምበስ ከተማ ነኝ። ሆም ኬር እሠራለሁ፤ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ገጣሚነቴ ለሰው ትዝ የሚለው ሠርግ ሲደርስ ነው፤ "ለሙሽሮቹ እስቲ አንድ ሁለት መስመር ጣል አድርጊላቸው" ይሉኛል። የራሴ የምለው ግን አንድ ነገር አለኝ፤ ስለዚህ ከተማ የምጽፈው ረጅም ግጥም። ሊንደን ሰፈር ስኖር በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ሥራ የሄድኩባቸው ጠዋቶች፣ ዩኒፎርማቸውን በኮት ደብቀው የሚያንቀላፉት ሴቶች፣ ከፍራንክሊንተን በኩል ወንዙን አሻግሬ የማያቸው ሕንፃዎች። ይህን በአማርኛ የጻፈ የለም። የኔ ነው።

እና እዚህ በየዓመቱ ያለውን የግጥም ምሽት የሚያዘጋጁት ጋሼ ኮል አድርገው፣ "የዘንድሮዋ እንግዳ ያቺ ጓደኛሽ ናት፤ ከኤርፖርት ፒክ አድርጊያትና አንቺ ጋ ትረፍ" ሲሉኝ ክው አልኩ። ይቺ ሴት ያንን አውቶቡስ አንዴ ካየችው አለቀልኝ። አውሮፕላን ሳትሳፈር ጽፋው፣ በሳምንቱ ሰው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል!

አላሳያትም አልኩ። ከኤርፖርት ተቀብዬ በቱ ሰቨንቲ፣ ከተማውን ከሩቁ በሚዞረው ሃይዌይ፣ ዎርዝንግተን ያለው ቤቴ ከተትኳት። በማግስቱ ጠዋት እዚሁ ተወልዳ ያደገችውን ልጄን ይዘን ስንወጣ "ከተማሽን አሳዪኝ እንጂ" አለችኝ። አሁንም ሃይዌይ። አንድ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ፣ አንድ የሶፋ መሸጫ፣ ከዚያ ተመልሶ ሃይዌይ።

"መሃል ከተማው በየት ነው?"

"ኮንስትራክሽን ነው፤ መንገዱን ዘግተውታል።"

"ወንዝስ አለ ሲሉ ሰማሁ?"

"እሱን ደግሞ ወንዝ ብለሽ! ቦይ በይው።"

ልጄ ከኋላ ወንበር "ማሚ፣ ዋት ኮንስትራክሽን?" አለች። በመስታወት አፈጠጥኩባት። ጓደኛዬ መጠየቁን ትታ መሪውን አንቀው የያዙትን እጆቼን ታያለች። ደክሟት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ዛሬስ ረታኋት አልኩ።

ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔው አስተዋውቄያት ተቀመጥኩ። ማይኩን አስተካክላ፣ "ዛሬ ከሰዓት የጻፍኩት ስለሆነ ጥሬ ነው፣ ይቅርታ" አለችና ጀመረች፦

ከተማዋን ሸሸገችኝ፣ ሰሰተችብኝ ባለቤቷ፤
እንደ አራስ ልጅ ሸፋፍና፣ ለጥፋታለች ከደረቷ።

ቀጠለች። ያ ሁሉ ሃይዌይ አለበት፣ ሶፋ መሸጫው አለበት፣ ተዘግቷል ያልኳት መንገድ አለበት፣ ቦዩም ሳይቀር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ልጄማ ብድግ ብላ "ማሚ፣ ዳትስ ዩ!" ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አፈርኩ እንዳልል አላፈርኩም። አንጀቴ ነው ያረረው። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ ያውም በጣም ጥሩ! አንዲት ስንኝ እንኳ የማቃናው አልነበረውም። ምንም ሳላሳያት፣ በሩን ሁሉ ዘግቼባት፣ ከባዶ አስፋልት ላይ ለቅማ ጻፈችው። ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ከጎኔ ናት፣ ልጄ ከኋላ። ልጄ የኔን ግጥም ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አማርኛዋን እየፈለገች፣ "ማሚ፣ አንቺስ... ስለ ኮለምበስ ግጥም አለሽ?" አለችኝ።

"አለኝ" አልኳት።

"እስቲ አንብቢልኝ።"

"ገና ነው። እየጻፍኩት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ቀለል አድርጌ ልለፈው ብዬ፣ "አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ" አልኳት።

ልጄ በሳቅ ሞተች። እኔም ከእሷ ጋር ሳቅሁ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ቀስ ብላ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች። ጭብጨባውን ችዬው ነበር፤ ያንን እጅ ግን አልቻልኩትም።