ከዘይነባ ጋር ዙሪክን የዞርንበት ቅዳሜ

ከጄኔቫ የተነሳነው በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ጓደኛዬ ዘይነባ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሁለታችን ዕረፍት እስኪገጥም ብዙ ወር ስለጠበቅን፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዋን ዙሪክ በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ለማየት የበረዶውን ወራት ሙሉ ዕቅድ ስናወጣ ከረምን።

ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። በባለካሬ ደብተር ላይ እያንዳንዱን ሰዓት አሰፈርኩ። እኔ ሙዚየምና አሮጌውን ከተማ ስል ዘይነባ ጀልባ፣ ተራራና ሱቅ ትላለች፤ ተደራድረን ከሁሉም ቀላቀልንበት። ማታ ሽዋመንዲንገን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር በሚኖሩት ታላቅ ወንድሟ በጋሽ ሰይድ ቤት አድረን፣ እሁድን እዚያው ውለን ሰኞ ልንመለስ ተስማማን። "አስቴርዬ፣ የምናዛጋበትን ሰዓት ረስተሻል" እያለች በደብተሬ ትስቅብኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግን ጋሽ ሰይድ ሥራ ቦታዬ ደወሉልኝ።

"አስቴር፣ አባታችን ወደ አኼራ ሄደዋል" አሉኝ። "ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።"

"የቅዳሜው ጉዞስ?"

"ኑ እንጂ። እንዳሰባችሁት ዙሩ፤ ማታ እኛ ዘንድ ትመጣላችሁ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ እናረዳታለን።"

በእኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም በመንገድ ላይ፣ አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚያረዳው። ይህን እያወቅሁ እንዴት እምቢ እላለሁ? "እሺ" አልኩ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ፊቷን እያዩ መሳቁ ነው።

ቅዳሜ፣ ባቡሩ ላይ

ያኔ የባቡሩን ሰዓት የምናየው ጣቢያው ውስጥ ከተለጠፈ ቢጫ ወረቀት ነበር። ከበላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ፊደላቱን እየገለባበጠ ሲንቋቋ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ያ ድምፅ ዛሬ የለም፤ እኔ ግን ይናፍቀኛል።

ዘይነባ የመስኮቱን ወንበር ይዛ፣ ከፌስታሏ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ ላጠችልኝ። ከሎዛን በኋላ ባቡሩ በወይኑ ተክል መሃል ሽቅብ ወጣ፤ ቀጥሎ ላሞችና አረንጓዴ ሜዳ መጡ። በርን ከተማ ላይ አዲስ የገቡት ተሳፋሪዎች በጀርመንኛ ሲያወሩ "እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ደንቆሮ ነን" አለችኝ።

አባቷ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ነው።

"አባባ ይህን ባቡር ቢያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፍሬኑ ነው" አለች።

"እሳቸውማ..." ብዬ ጀመርኩና "ነበሩ" እንዳልል ምላሴን ነከስኩ።

ዙሪክ

አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ከጣቢያው አጠገብ ያለውን፣ ግንብ የሚመስል ሙዚየም በአንድ ሰዓት አዳረስነው። ዘይነባ ጦሩንና ጋሻውን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ አለፈችና አንድ የጥንት መኳንንት አልጋ ፊት ቆመች። "ይህን ማንጠፍ ነበር የቀረኝ" አለች። ከዚያ በወንዙ ዳር፣ በድንጋይ በተነጠፉት ጠባብ ዳገቶች ላይ ወጣን ወረድን፤ ሁለት ስኒ ቡና በሰባት ፍራንክ ጠጥተን ሒሳቡ ሲመጣ ተያየን።

ምሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ በድንች በላን። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋችን አይገናኝም፤ አብረን ስንወጣ ሁልጊዜ ዓሣ ነው። በጓደኝነታችን ዘመን የጨረስነው ዓሣ አንድ ሐይቅ ያራቁታል።

ጀልባው ላይ ነፋሱ ሻሿን ሊወስድባት ሲታገል በሁለት እጇ ያዘችው፤ ያኔ አንድ ነጭ ወፍ ከጣቷ መሃል ዳቦዋን ነጥቋት በረረ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ከልቤ ሳቅሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉንም ረስቼው ነበር። ወዲያው ሲታወሰኝ በራሴ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ በትንሿ ባቡር ኡትሊበርግ የሚባለው ተራራ ላይ ወጣን። ከተማው፣ ሐይቁ፣ ከበስተኋላ በረዶ የለበሱት ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ ዘይነባ። "ዕቅድሽ በደቂቃው እየሄደ ነው፤ ምን አስከፋሽ?"

"ጫማዬ ነው የጠበበኝ።"

ቁጭ ብላ የራሷን ሸራ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ፤ ምንም ያላስቸገረኝን የኔን ጫማ አጠለቀች። እምቢ ብል አትሰማኝም። ትንሽ እንደሄድን የሕዝብ ስልክ አየች።

"ካርድ አለኝ። ለጎረቤታችን ደውዬ አባባን ላስጠራቸው፤ ተራራ ላይ ነኝ ልበላቸው።"

ድንግጥ አልኩ። ሌላ መላ ሲጠፋኝ ደብተሬን አወጣሁ። "ዕቅዱ ላይ የለም" አልኳት፤ "ባቡሩ ያመልጠናል።"

"ሦስት ደቂቃ ነው እኮ፣ አስቴር።"

"አይሆንም አልኩሽ።"

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሬያት አላውቅም። ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ቀድማኝ ወረደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ባቡር እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እሁድ ንጋት

ማታ በሰባት ቁጥር ትራም ሽዋመንዲንገን ገባን። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ጉንፋን ነው አሏት።

ንጋት ላይ ኮሪደሩ በጫማ ተሞላ። ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከኦፕፊኮንና ከቪንተርቱር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በመጀመሪያው ባቡር መጥቶ ሳሎኑን ሞላው። ሐበሻ በጠዋት የተሰበሰበ ሰው ሲያይ ማብራሪያ አይፈልግም። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች፤ ከዚያ ወንድሟን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ?" አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ያኔ ሴቶቹ ያዟት።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጅ አሮጊት፣ በእሁድ ጸጥታ ይህ ምን ጩኸት ነው ብለው መጡ። ጋሽ ሰይድ ሲነግሯቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ከዘይነባ አጠገብ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው እስከ ቀትር ቆዩ።

ሰኞ፣ መልስ

ሆቴሉ ለሐዘኑ ፈቃድ ስላልጨመረላት፣ እንደ ዕቅዳችን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ፍሪቡርግ እስክናልፍ ቃል አልተነፈሰችም። የሐዘን ዝምታ ይሁን የቁጣ መለየት አቃተኝ። ጓደኛዬን ያጣኋት መሰለኝ፤ ይህ ከምንም በላይ አስፈራኝ። ሎዛን ልንደርስ ባቡሩ ከዋሻ ወጥቶ ሐይቁ ድንገት ሲዘረጋ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"ስንሄድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጀልባው ላይም?"

"ጀልባው ላይም።"

"የስልኩም ነገር ለዚሁ ነው።"

"አዎ።"

"ቅዳሜን አልጠላውም" አለች። "ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ለአባቴ ያለ እኔ አለቀሳችሁላቸው።"

ያኔ እናቴ አዲስ አበባ በሕይወት ነበረች፤ ዘይነባም ታውቃለች።

"ያንቺ ቀን ሲመጣ እኔ እንዲህ አልችልበትም" አለችኝ። "ሰው አልሰበስብም። እንደሰማሁ በስልክ ነው የምነግርሽ።"

"እሺ" አልኳት።

ጄኔቫ ስንደርስ እየዘነበ ነበር። እስከ ቤቷ ሸኘኋት፤ በሩ ላይ ሳመችኝና ገባች። ያ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ለሰው አስቤ ያደረግሁት ነገር ያንኑ ሰው ሊጎዳው እንደሚችል ነው። የቱ እንደሚሻል ግን እስከ ዛሬ ቁርጡን አላውቅም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስልክ አንስቼ የዘይነባን ድምፅ ስሰማ ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር። እሷም ታውቅብኛለች፤ ከሰላምታ በፊት "ምንም የለም፤ ተነሺ" ትለኛለች።